እናቴ ያከበረቻቸው በዓላት

ልጅ ሳለሁ በአዳማ ከተማ የእናቴን ያህል በዓል የሚያከብር ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሚካኤልንና ማርያምንማ ሁሉም ያከብራል። እናቴ ግን በዓታን ታከብር ነበር፤ አቡነ አረጋዊን ታከብር ነበር፤ በሰፈራችን ማንም ሥራ ፈትቶለት የማያውቀውን መርቆሬዎስን ሳይቀር ታከብር ነበር። በበዓሏ ቀን ጄሪካን አታነሳም፣ ልብስ አታጥብም፣ ሙቀጫ አትነካም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ቤተ ክርስቲያን ግን አትሄድም፤ ይሄ ደግሞ ያኔ አልገረመኝም።

እትዬ ወርቄን ግን ይገርማቸው ነበር። እትዬ ወርቄ አንድ ግቢ ውስጥ አብረውን የተከራዩ፣ ቧንቧው ሥር ተቀምጠው የሰፈሩን ወሬ ከልብሳቸው ጋር የሚያጥቡ ሴት ነበሩ።

"ዘርፌ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ናቸው?" ይሏታል።

"መርቆሬዎስ።"

"እሰይ! እንኳን አደረሰሽ። እኛን እንኳ ከሥራ በቀር የሚያደርሰን አጣን።"

እናቴ ፈገግ ትላለች። እኔ በእናቴ እኮራ ነበር። ይህን ሁሉ ቅዱስ የምትለምነው ለአባቴ እግር መሆኑን በልቤ አውቄዋለሁ፤ ማለቴ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሰይፈሚካኤል የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ መኪናው ተገለበጠና ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ከሆስፒታል ሲወጣ ዶክተሩ ለእናቴ የነገራትን እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። "በየቀኑ ከአልጋ ይውረድ። ይታጠብ፣ ይቀመጥ፣ አየር ያግኝ። ተኝቶ ከዋለ ገላው ይቆስላል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚገድለው አደጋው አይደለም፤ ቁስሉ ነው።"

መጀመሪያ የአባቴ ታናሽ ወንድም እኛ ዘንድ ስለነበር እሱ ያነሳው ነበር። በኋላ ባቱ የአበባ እርሻ ላይ ሥራ አገኘና ሄደ። ከመሄዱ በፊት ጭነት የሚታሰርበትን ገመድ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አስሮ ከአባቴ አልጋ በላይ አንጠለጠለለት። የሰፈሩ ወንዶች ተራ ገብተን እናንሳህ ብለው ነበር። አባቴ እምቢ አለ። "የሰፈር ወንድ ሁሉ እየመጣ እርቃኔን አያየኝም" አለ።

ያን ሰሞን አክስቴ ተሻለች ከባቱ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ወንዶች ልጆች ያሳደገች፣ ቃሏን የማታጥፍ ሴት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወሬ ሳታበዛ ተናገረች።

"ወደ እኔ ልውሰድህ። ልጆቼ ያነሱሃል። ዘርፌማ እንኳን አንተን ልታነሳ፣ ይሄ የአዳማ ነፋስ ራሷን ያነሳታል።"

"ማን አንሱኝ አላችሁ?" አለ አባቴ። ገመዱን በሁለት እጁ ጨበጠና ደረቱን ከፍራሹ ትንሽ ከፍ አደረገ። "ይኸው። ራሴ እነሳለሁ።" ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

"ይሁን" አለች አክስቴ። "አንድ ቁስል ገላህ ላይ ያየሁ ቀን ግን አንተንም እሷንም አልጠይቅም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀኝ። ጠዋት ስወጣ አባቴ ተኝቷል። በምሳ ሰዓት ስመለስ ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ጓሮ ፓፓያው ሥር በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። "በገመዱ ተነሳሁ" ይለኛል፤ ለጠየቀው ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኔም ለክፍል ጓደኞቼ አባቴ በክንዱ ብቻ ከአልጋ ወንበር የሚዘል ሰው እንደሆነ አወራሁላቸው።

ያ ገመድ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ሰው በየቀኑ የሚንጠለጠልበት ገመድ በእጅ ላብ ይጠቁራል። ይሄ ግን የታሰረ ዕለት እንደነበረው ቢጫ ነው።

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ጎረምሶች ብረት የሚገፉበት በቆርቆሮ የታጠረ ቤት ነበረ። ብረት ይባል እንጂ አብዛኛው ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ፣ የባጃጅ ጎማና ከአሮጌ መኪና የወጣ አክሰል ነበር። ባለቤቱ ጫምሳ ይባላል። አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ቀጭን፣ ሲሄድ መሬቱን እንዳያስቀይመው የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰው ነበር። እናቴ እዚያ ጽዳት ተቀጠርኩ አለች። ጠዋት ጎረምሶቹ ሳይመጡ ትሄዳለች። በበዓል ቀን አትሄድም፤ በሌላው ቀን ትሄዳለች።

ሥራው ለእናቴ የሚስማማት አልመሰለኝም። ከዚያ ስትመለስ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ታቃስታለች። በረንዳውን ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ሹሩባ ልትሠራኝ እጇን ስታነሳ ከንፈሯን ትነክሳለች። አንድ ቀን ልብስ ስትቀይር አየኋት፤ ትከሻዋ ላይ ዳርና ዳር በልዟል።

"እማዬ፣ ማን መታሽ?"

"ማን ይመታኛል! ሥራ ነው።"

"ጽዳት ነው እንዴ?"

"ሂጂ ደብተርሽን ያዢ፣ ማርቲ።"

ያ ሰውዬ ይመታታል ብዬ ወሰንኩ። ይመታታል፣ እሷ ግን ተመልሳ ትሄዳለች። ይህ ለምን እንደሚሆን ስላልገባኝ ሌሎች ሲያወሩ ጆሮዬን መጣል ጀመርኩ። ቧንቧው ሥር ወሬ አይጠፋም።

"በጽዳት እንዲህ ያለ ክንድ ከተገኘ እኛስ ስንት ዘመን አጽድተን የለ?" አሉ እትዬ ወርቄ። ከጎናቸው የነበረችው ሴት ሳቀች። "እሷ እኮ ምን ታድርግ፤ ገና ልጅ ናት፤ ባሏ ደግሞ..." ብላ ጀመረችና እኔን ስታየኝ ስለ ሳሙና ማውራት ቀጠለች።

በዚያው ሰሞን የአባቴ ጃኬት ከሚስማሩ ጠፋ። ሾፌር ሳለ የሚለብሰው፣ ኮሌታው ጠጉራም፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ጃኬት ነበር። የት ሄደ ብዬ እናቴን ስጠይቃት "ለሰው ሰጠሁት፤ አባትሽ መንገድ አይወጣ፣ ምን ያደርግለታል?" አለችኝ። ቆየት ብሎ ከጓደኞቼ ጋር በጋራዡ በኩል ሳልፍ በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ከጨለማው ጥግ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ የለበሰው የአባቴን ጃኬት ነው። እናቴ የአባቴን ልብስ ለጫምሳ አልብሳዋለች ብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አንድ ቀን፣ እናቴ አቡነ አረጋዊ ነው ብላ ባረፈችበት ዕለት፣ መምህራን ስብሰባ ነበራቸውና ቀደም ብለን ተለቀቅን። አዳማ በዚያ ሙቀት በቀን በር የሚዘጋ ሰው የለም። የእኛ በር ግን ተዘግቷል፤ መጋረጃውም ወርዷል። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የአልጋው ሲጥሲጥ ማለት፣ የእናቴ "ቀስ፣ እሱ ጋ ቀስ" ማለት፣ ከዚያ የወንድ ትንፋሽ ተሰማኝ። ቀጥሎ "አንቺ አትንኪ፣ አትንኪ አልኩሽ እኮ" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ጫምሳ ወጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሲያየኝ ደነገጠና "አካም ጅርታ፣ ማርቲ?" አለኝ። ሰላምታውን አልመለስኩለትም። እሱም ወደ እናቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"ዛሬ ምንም እንዳታነሺ። ጄሪካንም ቢሆን። ሰው የሚጠነክረው ሲሠራ አይደለም፣ ሲያርፍ ነው። በእረፍትሽ ቀን ከነካሽው ትናንት የሠራነውንም ታበላሺዋለሽ። ዛሬ ቦቆና፤ እረፍት። ነገ ነይ።"

"ሰው አይቶሃል?" አለች እናቴ።

"ማንም አላየኝም።"

በጓሮ ዞርኩ። አባቴ ፓፓያው ሥር ተቀምጧል። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል። ዓይኑ እርጥብ ነበር። "በገመዱ ተነሳሁ" አለኝ ሳልጠይቀው።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። አባቴ በገመዱ ራሱ ይነሳል፤ ያ ሰውዬ ሲመጣ ግን ቤቱን ለቆ ጓሮ ይወጣል። በበዓል ቀን ነው የሚመጣው። እናቴ በዓል ስትል የሱን መምጫ ማለቷ ነው። የልጅ ልብ ሲሳሳት እንኳ ቅጥ አለው። አንድም ነገር አልተረፈኝም፤ ብልዟን፣ ጃኬቱን፣ መጋረጃውን፣ እንባውን፣ ሁሉንም ገጣጠምኩት። እናቴን ጠላኋት። የፈላ ሻይ ስታቀርብልኝ እጇን ላለመንካት ብርጭቆውን ከላይ በጫፉ እይዝ ነበር።

አሁን ስቆጥረው የእናቴ ቅዱሳን አንድ ቀን እየዘለሉ ነበር የሚመጡት። አንድ ቀን ትሠራለች፣ አንድ ቀን ታርፋለች። ብረት በምትገፋበት ቀን አባቴን የምታነሳው እሷ ናት። በእረፍቷ ቀን ሰውነቷ እንዲጠገን ጫምሳ መጥቶ ያነሳዋል። ምንም ሳትነካ የምትውልበትን ቀን ለሰፈሩ ምን ብላ ታስረዳ? ደግነቱ በእኛ ሃይማኖት ባለቤት የሌለው ቀን የለም። ከወሩ ቅዱሳን መካከል ለእረፍቷ የሚመቻትን እየመረጠች ሥራ ፈታች። በቅዱሳን ስም መዋሸቷ ሲያስጨንቃት እንደኖረ ነግራኛለች፤ እኔ ግን እነሱ የሚቀየሟት አይመስለኝም።

ሚስጥሩ የአባቴ ነበር። "ሚስቱ እንደ ጆንያ ታነሳዋለች አታሰኚኝ" ብሎ አስምሏታል። ጫምሳን የፈቀደውም በስንት ልመና ነው። ጫምሳ ብረት ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ወዛደር ነበር፤ በአባቴ አይሱዙ ላይ ሽንኩርት የሚጭነው እሱ ነበር። አባቴ ከጋቢናው ሆኖ "ቶሎ በል እንጂ!" ሲለው የኖረ ሰው ነው። አሁን ያ ሰው አቅፎ ያነሳዋል፣ ያጥበዋል። አባቴ ፊቱን ወደ አጥሩ የሚያዞረው ለዚህ ነበር። ጫምሳ ስለ እረፍት የሚያውቀውም ከዚያው ከጭነት ነው፤ እረፍት ሳያገኙ በወጣትነታቸው ወገባቸው ተቆርጦ የቀሩ ጓደኞች ነበሩት።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ተዘጋ። የመርቆሬዎስ ዕለት ቧንቧው ሥር እግሬን ስታጠብ አክስቴ ተሻለች በግቢው በር ገባች። ሳትነግረን ነው የመጣችው። በፌስታል ከባቱ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ይዛለች።

"እንኳን ደህና መጡ" አሉ እትዬ ወርቄ ከወገባቸው ቀና ብለው። "ዘርፌ በዓል ላይ ናት። እንግዳም አላት።"

አክስቴ ወደ ተዘጋው በር አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። እኔ መሬቱን አየሁ። ፌስታሉን እንደያዘች በሩን ገፋችው።

ተከትያት ገባሁ። ጫምሳ ከመኝታ ክፍሉ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ሲወጣ ነበር። ከኋላው እናቴ የተተራመሰውን አልጋ ታነጥፋለች። አባቴ እዚያ የለም። በጓሮ በር በኩል የወንበሩ ጎማ ይታያል።

"ይሄ ሰው ማነው?" አለች አክስቴ።

እናቴ አንሶላውን ደረቷ ላይ ያዘች። "ጫምሳ ይባላል" አለች።

"ስሙን መች ጠየቅኩሽ?"

አክስቴ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወደ ጓሮ ወጣች። ሁላችንም ተከተልናት፤ ጫምሳም ጭምር። እትዬ ወርቄም የሚያሰጡት ልብስ በድንገት ተገኘላቸውና በጎን መጡ።

"ሰይፌ፣ ማነው እዚህ ያወጣህ?"

አባቴ እህቱን አየ፤ እትዬ ወርቄን አየ፤ ጫምሳን አየ። መጨረሻ ላይ እናቴን አያት። እናቴ የጓሮው በር ላይ ቆማ አፉን ነበር የምትመለከተው። እንደዚያ አድርጋ ሰውን ስታይ አይቻት አላውቅም፤ ዓይኗ ብቻውን ይለምን ነበር።

"ማነው ያወጣህ ነው የምልህ!"

"ራሴ ነኝ" አለ አባቴ። "በገመዱ።"

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ ጫምሳ ዞረች። "እንግዲያው እርስዎ መኝታ ቤት ውስጥ ምን ሲሠሩ ነበር?"

እናቴ አንሶላውን ማጠፍ ጀመረች። አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። ጫምሳ አባቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። እውነቱን እንዲናገር ጠብቆት ነበር መሰለኝ። ቃል ሲያጣበት "ጋሽ ሰይፌ፣ ደህና ዋሉ" አለና እንደ ልማዱ መሬቱን እንዳያስቀይም እየተጠነቀቀ ወጣ።

ያን ዕለት እኔ እውነቱ ወጣ ብዬ ነበር። አባቴ ራሱ መሰከረ፤ ምን ቀረ? አክስቴ እንሂድ ብላ ብትለምነው ከቤቴ አልወጣም አላት። አልቅሳ ሄደች። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ ሸተተ።

እናቴ ለአባቴ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም። ሁለቱ የተጣሉበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ቢጣሉ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዱሳኑ ሁሉ ከቤታችን ወጡ። በዓታ ቢሆን፣ አቡነ አረጋዊ ቢሆን እናቴ ትሠራለች። ብረት ቤት መሄድ ተወች፤ ጫምሳም ስሟ እንዳይነሳ ብሎ በሰፈራችን ማለፍ ተወ። ጄሪካኑን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ትፈጫለች። በየቀኑ። እኔ ንስሐ ገብታለች ብዬ ትንሽ ታረቅኳት። አባቴም እንደ ድሮው ፓፓያው ሥር ተላጭቶ ይውላል። እሱ ግን መናገር ቀንሷል። "በገመዱ ተነሳሁ" ማለቱንም ተወው።

እናቴ ቀኝ እግሯን መጎተት ጀመረች። ቁጭ ብላ ስትነሳ ወገቧን በእጇ ትደግፋለች። እትዬ ወርቄ "ወገብሽን ምን ሆንሽ?" ሲሏት "ብርድ ነው" አለቻቸው። በአዳማ ብርድ!

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ይሄኛውን ማንም አይሽረውም። ግቢው ጭር ብሏል፤ ገሚሱ ቁልቢ ሄዷል፣ ገሚሱ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነው። እትዬ ወርቄ ገና መመለሳቸው ነበር። እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ በረንዳው ላይ ሳለሁ ከውስጥ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ መጣ። ጩኸት አልነበረም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው የሚያወጣው ዓይነት ነበር።

ስገባ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው። አባቴ ከላይ፣ እናቴ ከሥሩ። ክንዶቿ አሁንም ብብቱ ሥር ገብተው ጀርባው ላይ ተቆላልፈዋል። ገመዱ በላያቸው ተንጠልጥሎ ዝም ብሏል።

"ዘርፌ! ዘርፌ!" ይላል አባቴ። በክንዱ መሬቱን እየገፋ ከላይዋ ሊወርድ ይሞክራል፤ እግሩ አይከተለውም። "ተነሽልኝ! ዘርፌ!"

"አልችልም" አለች እናቴ። "ወገቤ።"

እትዬ ወርቄ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ደረሱ። "ውይ! በገብርኤል! በዓሉን ሽራ ነው፤ ገብርኤል ነው የቀጣት!"

ያኔ አባቴ ጮኸ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ግቢው ሁሉ፣ ከግቢው ውጭ ያለው መንገድ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል።

"ገብርኤልን ተዉት! እኔ ነኝ! የምታነሳኝ እሷ ናት! በየቀኑ እሷ ናት! ጫምሳም የሚመጣው እኔን ሊያነሳ ነው! ገመዱ ውሸት ነው! ጫምሳን ጥሩልኝ፣ ሰዎች፣ ጫምሳን ጥሩልኝ!"

ጫምሳን ልጠራ ሮጥኩ። አስፋልቱን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላውቅም። የብረት ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ጫምሳ የለም። ከጥጉ ወንበር ላይ የአባቴን ጃኬት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል።

"ጋሽ ጫምሳ" አልኩት። አልዞረም። ዞሬ ከፊቱ ቆምኩ።

ፊት የለውም። አሸዋ የተሞላ ጆንያ ነው። ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎለታል፤ እጅጌዎቹ በጨርቅ ተሞልተው ጭኑ ላይ ተቀምጠዋል። ከብብቱ ሥር፣ ሰው አቅፎ ሲያነሳ ክንዱ የሚገባበት ቦታ፣ ጃኬቱ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። እናቴ አባቴን እንዳትጥለው ስንት ጊዜ ይህን ጆንያ አንስታ እንዳስቀመጠች የሚያውቀው ያ ክር ነው። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ግማሹ ብቻ ነበር የገባኝ።

ጫምሳ ከጓሮ መጣ። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቀድሞኝ ሮጠ።

አክስቴ ተሻለች በሳምንቱ መጥታ አባቴን ወሰደችው። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ስለነበር ማንም ማንንም አልጠየቀም። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሲሸኙት ፓፓያውን ዞሮ ያየው ነበር። የአክስቴ ልጆች መጀመሪያ በየቀኑ አነሱት። በኋላ አንዱ ባጃጅ ላይ፣ አንዱ ሐይቅ ላይ፣ አንዱ ላንጋኖ ሆቴል ተቀጥሮ ዋለ። አልፈርድባቸውም። ዓመት ሳይሞላው ዶክተሩ ያለው ሆነ። እናቴ በትራስ ተደግፋ ነው የቀበረችው፤ ጫምሳ መኪናው ውስጥ አቅፎ አስገባት፣ አቅፎ አወጣት። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነበር፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጎብጣም ቢሆን ቆማ ሄደች። አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ። ካቻምና ግን እግሯ ጨርሶ ከዳት። አሁን ያ አልጋ ላይ የተኛችው እሷ ናት፤ የማነሳት እኔ ነኝ። ጫምሳ ብረት ቤቱን ዘግቶ ወደ ዓለም ጤና ተመልሷል። እኔ ፎቅ ላይ ያለ፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ጂም እሄዳለሁ። አሠልጣኙ ልጅ ነው። "እህቴ፣ እረፍት አትወስጂም፤ ጡንቻሽ መቼ ይጠገን?" እያለ ይቆጣኛል። እውነቱን ነው። የማነሳው ሰው አለኝ ብዬው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት እናቴን ልቀሰቅስ ገባሁ። ማታውን ክንዴ ሲጠዘጥዘኝ አድሯል፤ ጸጉሬን ለማበጠር እጄ ከጆሮዬ በላይ አልወጣ ብሎኝ በሻሽ ሸፍኜዋለሁ። አንገቷን አዙራ ሻሼን አየችው፤ ከዚያ ክንዴን።

"ዛሬ አታንሺኝ" አለች። "በዓል ነው።"

"ማን ናቸው?"

ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ወራጁ ላይ ገመዱ ታስሮበት የነበረው ቦታ አሁንም ይታወቃል።

"መርቆሬዎስ።"

መርቆሬዎስ አልነበረም፤ ካለፈ ሰንብቷል። እናቴ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ክንዴ እንዲያርፍ እሷ ያን ቀን ሙሉ ሳትነቃነቅ ልትውል ነበር። በዋዜማው ጀርባዋ ላይ የቀላች ቦታ አይቼ ነበር፤ እሷም ማየቴን አይታለች።

ጫማዬን አወለቅኩና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ተው ይቅር፣ አንድ ቀን ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከዚያ ያ የጓሮ በር፣ እናቴ እዚያ ቆማ የአባቴን አፍ ስትመለከት ታየኝ። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት። በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈትኩት። እትዬ ወርቄ አርጅተዋል፤ ግን አሁንም ቧንቧው ሥር ናቸው፤ ጎልማሳ ልጃቸውም አብሯቸው ይኖራል።

"እትዬ ወርቄ!" ብዬ ተጣራሁ። "ልጅዎን ይላኩልኝ! እናቴን ማንሳት አቅቶኛል!"

"ኧረ ማርቲ፣ ቀስ በይ" አለች እናቴ ከኋላዬ። "ሰው ይሰማል።"

"ይስማ" አልኳትና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ተጣራሁ።